ጠመኔው ከሰሌዳው እስኪደርስ

አጸደ ይህን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለባሏ አልነገረችም። ለልጆቿም አልነገረችም። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም፤ ኃጢአት አይደለማ። ኃጢአት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ኃጢአት የሚነገርበት ቦታ አለው። ይህ ግን ደግ ሆኖ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው የት ወስዶ ያራግፈዋል? ስለዚህ ሆዷ ውስጥ አስቀምጣው ኖረች።

ነገሩ የጀመረው በጠመኔ ነው። ጠመኔ በመኖሩ አይደለም፣ በመጥፋቱ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ከአገር የወጣበት፣ ጦርነቱ ግን ከዓለም ያልወጣበት ዘመን ነው። ቦታው መልካ ሰርዳ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ሐዲድ ላይ ያለች፣ ሙቀቷ ከነዋሪዋ የሚበዛ የጣቢያ ከተማ። እዚያ ጣሊያን ትቶት የሄደው አንድ ረጅም መጋዘን አለ። በመካከሉ የሳንቃ ግድግዳ ቆሞ ለሁለት ከፍሎታል። ከሳንቃው ወዲህ ሴቶች ልጆች ይማራሉ፤ ከሳንቃው ወዲያ ሴቶች ጆንያ ይሰፋሉ።

የልጆቹ አስተማሪ አጸደ ናት። ፊደሉን ከቄስ አባቷ፣ የቀረውን ከሚስዮን ትምህርት ቤት ተምራለች። ጽሕፈቷ ያምራል። ድምፅ ግን የላትም። አላት፣ አይወጣም እንጂ። ሰው ስሟን ሲጠይቃት እንኳ ለነጠላዋ ጫፍ ነው የምትነግረው፤ ጠያቂው ከነጠላዋ ሰምቶ ይሂድ ይመስል።

ጠመኔው አለቀ። በከሰል ልትጽፍ ሞከረች፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥቁር ከሰል ምን ይሆናል? በኖራ ቁራጭ ሞከረች፤ ኖራው ሰሌዳውን ቧጨረው እንጂ አልጻፈም። በዚህ መሐል ባላምባራስ ደገፉ በበሩ ብቅ አሉ። የአውራጃው የእህል ሹም ናቸው። ሰሌዳውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ አጸደን አዩ።

«ይኼ ቤት ምንድን ነው ልጄ?»

አጸደ ለነጠላዋ አንድ ነገር ነገረች።

«ምን አለች?»

«ትምህርት ቤት ነው ትላለች» አለች ከፊት የተቀመጠችው ሐዋ።

«ትምህርት ቤት ከሆነ ይጻፍበታል። የማይጻፍበት ቤት መጋዘን ነው። እኔ ደግሞ ጣራ ያጣ ማሽላ አለኝ። ዝናቡ ሳይጀምር ካልጻፋችሁ ክፍሉን እረከባለሁ። ልጆቹም ወደየቤታቸው ይግቡ።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የመንግሥት እህል በእጁ ያለ ሹም ደመና ባየ ቁጥር ጣራ ይፈልጋል። ነገር ግን ወደ ቤት መግባት ለሁሉም አንድ አይደለም። የሐዋ አባት «ትምህርት ቤትሽ የተዘጋ ለት ሰርግሽ ይቆረጣል» ብሎ ነግሯታል። ባሏ የሚሆነውም ሰው የተመረጠ ነው። ሐዋ ገና «ሐ»ን ከ«ሀ» መለየቷ ነበር።

አጸደ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ወንዶቹ ትምህርት ቤት፣ ወደ ዲሬክተሩ ወደ አቶ ወልደጻድቅ ሄደች።

«ጠመኔማ መጥቷል» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። «ከአሜሪካ ነው የተላከው። በአንድ ትልቅ ሳጥን፣ ከደብተርና ከእርሳስ ጋር። ግን ሳጥኑ ወደቡ ላይ ነው፣ እኛ እዚህ ነን። እኛ ወደ እሱ አንሄድ፣ እሱ ወደ እኛ አይመጣ።»

ተመልሳ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ልጆቹም ዝም ብለው የሚቀበሉ አይደሉም።

«እትዬ፣ አሜሪካ ዘመዳችን ነው?»

«አይደለም። ከእኛ ጋር አንድ ጠላት ያለው አገር ነው።»

«ታዲያ ጠመኔ ለምን ይሰጠናል? በጠመኔ ይዋጋሉ እንዴ?»

አጸደ ይህን እሷም ስታስበው ነበር። «ወንፈል ታውቃላችሁ?» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ እኔ ያንቺን አርሳለሁ፣ ነገ አንቺ የኔን ታርሻለሽ። አብረው የሚዋጉ አገሮችም እንደዚያ ናቸው። የተረፈው ላነሰው ይሰጣል። አንዱ ከወደቀ ሌላው ብቻውን አይቆምም። መድኃኒትም፣ ጎማም፣ ጨርቅም፣ ጠመኔም ይላካል።»

ሐዋ አሰበች። «እነሱ የኛን አረሱ እንበል። እኛ የነሱን ምን እናርሳለን?»

አጸደ «ነገ እነግርሻለሁ» አለቻት። ወንፈል በልቶ ዝም የሚል ሰው በአባቷ አገር ምን እንደሚባል ታውቃለች። ሌሊቱንም ቀኑንም ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰካባት። እስከዚያው ግን ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ፤ ሰሌዳውም ጥቁር ሆኖ ዋለ።

በማግስቱ ወደ ጣቢያው ወረደች። የጣቢያው ሹም ግሪኩ ሙሴ ስታቭሮ ነው። ቆቡን አውልቆ፣ ባዶውን ሐዲድ እንደ ሬሳ ሳጥን እያየ ተቀምጧል።

«ሙሴ ስታቭሮ፣ ባቡሩ ሳጥናችንን ለምን አያመጣልንም?» አለች ለነጠላዋ።

«ማድሟዜል፣ ከጨርቁ ጋር ነው ከኔ ጋር የምታወሪው?»

ደገመችለት።

«ባቡሩ ወደብ ላይ ቆሟል» አለ። «ዘይት የለውም። የሞተር ዘይት፣ የመዘውር ዘይት፣ ምንም። ያለ ዘይት ብነዳው መጀመሪያ እሱ ይጮሃል፣ ቀጥሎ እሱ ይሰበራል፣ ቀጥሎ እኔ አለቅሳለሁ። ዘይቱ መጣ ብለውኛል። የት እንዳለ ግን እግዜር ይወቅ።»

ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ፣ ባቡሩ ሳጥኑን አልስብም አለ፣ ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ፤ ሰሌዳውም ጥቁር ሆኖ ዋለ።

ሌላ ሴት ብትሆን ከዚህ ትመለስ ነበር። አጸደም ልትመለስ ዞራ ነበር፤ ግን ከበሩ ላይ ቆመች። የቆመችው ደፍራ አይደለም። ወጥታ ከሄደች ነገ እንደገና መግባት ይኖርባታል፤ እንደገና ከመግባት አለመውጣት ይሻላታል። ሙሴ ስታቭሮ ይህን ግትርነት መሰለው። እያጉረመረመ ስልኩን አነሳና የእጀታውን መዘውር አሽከረከረው። በፈረንሳይኛ ጮኸ፣ በግሪክኛ ተሳደበ፣ በአማርኛ «እሺ እሺ» አለና ዘጋው።

«ዘይቱ ገና ባመጣው መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። መርከቡ ደግሞ ባሕሩ መሐል ቆሟል። ካፒቴኑ ወደብ አልገባም ብሏል።»

«ለምን?»

«ምን ያድርግ? ከውኃ በታች የጠላት መርከብ ይሄዳል። ባሕሩ መሐል የጦር መርከቦች ከበው ይጠብቁታል፤ ወደብ ገብቶ ብቻውን ተጎልቶ መጠበቅ ግን ሞት ነው። አንድ ጊዜ ገብቶ፣ ያመጣውን አራግፎ፣ የሚወስደውን ጭኖ፣ እልም ይላል። ባዶውን አይመለስም፤ በዚህ ጦርነት ባዶ መርከብ ማስኬድ ነውር ነው። የሚወስደው ማሽላ ወደቡ ላይ እስኪደርስ እዚያው ይቆማል።»

«የማን ማሽላ?»

«የማን ይሆናል? የእናንተ። ከባሕሩ ማዶ ለሚዋጋው ሠራዊት፣ እህል ላነሰው ሕዝብ ልትሰጡ ቃል የገባችሁት። አስተማሪ ነሽ፣ አታውቂም እንዴ?»

አጸደ አላወቀችም ነበር። አሁን ስታውቅ ግን ደረቷ ውስጥ የተሰካው እሾህ ላላ። እኛም እናርሳለን ማለት ነው። ለሐዋ የምትመልሰው አገኘች። ችግሩ፣ ማሽላው መርከቡን አልሞላም አለ፣ መርከቡ ዘይቱን አላራግፍም አለ፣ ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ፣ ባቡሩ ሳጥኑን አልስብም አለ፣ ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ፤ ሰሌዳውም ጥቁር ሆኖ ዋለ።

ማሽላው ያለው ባላምባራስ ደገፉ ዘንድ ነው። ክፍሉን ሊወስዱባት ከሚመጡት ሰው ዘንድ መሄድ ለአጸደ ወደ ጅብ ጉድጓድ እንደመግባት ነበር። ሄደች። ባላምባራስ በክምሩ ሥር ቆመው ሰማዩን ይቆጣጠራሉ።

«ማሽላ?» አሉ። «ማሽላ ከሐረር ደጋ ወርዶ ወርዶ ሞልቷል። ሞልቶ እኮ ነው ያንቺን ክፍል የተመኘሁት። መሄጃ ቢያገኝ ዛሬ ይሂድልኝ ነበር። ባቡር ከሌለ የሚወስደው ግመል ነው። ግመሉን ደግሞ ሮብሌን ጠይቂው።»

«እርስዎ አይጠይቁትም?»

«እኔን ሲያየኝ ግመሎቹን ይዞ ይነሳል።»

ሮብሌ የግመል ቅፍለቱ መሪ ነው። ግመሎቹን ከከተማው ዳር አንበርክኮ፣ ከትልቁ ግመል ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። የምትለውን ጨርሳ እስክትናገር በትዕግሥት ጠበቃት፤ ጊዜ ወሰደ።

«እህቴ፣ ግመል አላጣሁም፣ መንገድም አልጠፋኝም» አለ። «ባለፈው የሰጡኝ ጆንያ ሁሉ ቀዳዳ ነው። እንሄዳለን፣ ማሽላው ይፈሳል። እንሄዳለን፣ ይፈሳል። ከኋላችን ወፍ ተከተለን። ከወፉ ኋላ ዶሮ ተከተለ። ወደቡ ስንደርስ ጆንያው ቀለለ፣ ወፉ ወፈረ። ሹሙ "ሰረቅህ" አሉኝ። ከዚህ እስከ ባሕሩ ያለ ወፍ ሁሉ ስሜን ያውቃል፤ ምስክር ይጥሩና ይጠይቁት። ዳግመኛ ቀዳዳ ጆንያ ግመሌ ላይ አይወጣም።»

«ጆንያው ቢሰፋስ?»

«ያን ለት ማሽላው አይፈስም፣ እኔም ሌባ አልባልም። በዚያው ሌሊት እንነሳለን።»

ስትመለስ በመንገድ ላይ እንዳትረሳው በየእርምጃዋ ለራሷ ትለዋለች። ጆንያው ግመሉ ላይ አልወጣም አለ፣ ግመሉ ማሽላውን አልሸከምም አለ፣ ማሽላው መርከቡን አልሞላም አለ፣ መርከቡ ዘይቱን አላራግፍም አለ፣ ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ፣ ባቡሩ ሳጥኑን አልስብም አለ፣ ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ፤ ሰሌዳውም ጥቁር ሆኖ ዋለ። ያገኛት ሰው ጸሎት የምትደግም መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ጣቢያ ወርዳ፣ ክምሩ ሥር ደርሳ፣ የግመሉን ጥላ አይታ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የመጣው የራሷ ክፍል ግድግዳ ሥር ነው። ጆንያ የሚሰፋው ከሳንቃው ወዲያ ነዋ።

ገባች። ሴቶቹ ተቀምጠዋል። ጆንያው ተከምሯል። መርፌው አልተነሳም።

«ኧረ እትዬ አስተማሪ፣ ዛሬ ከየት ወጣሽ?» አለች ዝናሽ። ዝናሽ አፏ የማያርፍ፣ እጇም ሥራ ሲፈታ ደም ሥሯ የሚቆም ወጣት ናት። «ተቀመጪ። እኛም ተቀምጠናል።»

«ለምን አትሰፉም?»

ሴቶቹ ወደ ጥጉ አዩ። እዚያ እንጉዳይ ከል ለብሳ ተቀምጣለች።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የመልካ ሰርዳ ሴቶች ትልቁን ጆንያ የሚሰፉት ከጣራው ወራጅ እንጨት ላይ ሰቅለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አንዷ በወዲህ፣ አንዷ በወዲያ ትቀመጣለች። በመካከላቸው ጆንያው ስለሚጋርዳቸው አይተያዩም። አንዷ መርፌውን ትሰዳለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ትመልሳለች። መርፌው ጣት ያህላል። መቼ እንደሚመጣ የሚነግራቸው ዘፈኑ ነው። አውራጇ ዘፈኑን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የግጥሙ ቤት ሲመታ መርፌው ያልፋል። ያለ ዘፈን ከሰፉ የሚሰፋው ጆንያው አይደለም፣ የጓደኛ መዳፍ ነው። ዝናሽ የታሰረ እጇን አሳየቻት፤ ሞክረውት ኖሯል።

አውራጇ እንጉዳይ ነበረች። እንጉዳይ ግን ሐዘን ላይ ናት። ወንድሟ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት መጨረሻ ወድቆ መርዶው ገና ዘንድሮ ነው የደረሳት። መርዶውን ከሰማች ዓመት ሳይሞላ አትዘፍንም። ሌሎቹም ድምፅ አጥተው አይደለም፤ ሐዘንተኛ በተቀመጠችበት ቤት እሷን ተሻግሮ ማን አፉን ይከፍታል?

«እኔ ልውጣላችሁ ብያቸዋለሁ» አለች እንጉዳይ ለአጸደ። «አትወጪም አሉኝ።»

«ሐዘንተኛን ከቤት አስወጥተን ልንዘፍን?» አለች ዝናሽ። «ደግሞ እኮ እሷ ከሄደች ማን ይቆጣናል?»

እንጉዳይ ፈገግ ልትል ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘችው።

አጸደ በልቧ ደረደረችው። ዘፈኑ መርፌውን አላነሳም አለ፣ መርፌው ጆንያውን አልሰፋም አለ፣ ጆንያው ግመሉ ላይ አልወጣም አለ፣ ግመሉ ማሽላውን አልሸከምም አለ፣ ማሽላው መርከቡን አልሞላም አለ፣ መርከቡ ዘይቱን አላራግፍም አለ፣ ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ፣ ባቡሩ ሳጥኑን አልስብም አለ፣ ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ። ባሕር መሐል የቆመ መርከብ፣ ወደብ ላይ የቆመ ባቡር፣ የሚጠብቅ ሠራዊት፣ ሁሉም የሚጠብቀው ከአንዲት ሴት ጉሮሮ የሚወጣ ዜማ ነው። ሰው ሐዘኑን እንዲተው ደግሞ አይለመንም። ወጣች።

ልጆቹን አሰናበተች። ሐዋ ወደ ኋላ ቀረች።

«እትዬ፣ አባቴ ዛሬ ከሰውየው ቤት ሽማግሌ ይመጣል ብሏል።»

«ባላምባራስ የሰጡን ጊዜ ገና አላለቀም።»

«እሱ ደመናውን አይቶ ነው።»

ሐዋ ሄደች። አጸደ በሩን ዘግታ በጨለመው ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ሰሌዳ ፊት ተቀመጠች። ብቻዋን ነበረች። ብቻዋን ስትሆን ድምፅ እንዳላት ታውቃለች። አባቷ ወንድ ልጅ በሆነችልኝ ብለው የተቆጩባት በዜማዋ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሆና ድጓውን ከተማሪዎቻቸው ቀድማ ትይዘው ነበር። ካደገች በኋላ ግን ዘጋችው። የቄስ ልጅ፣ የልጆች አስተማሪ፣ የጆንያ ቤት ዘፈን ብታወጣ ምን ትባላለች? አዝማሪ ትባላለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ከአዝማሪ እጅ ያወጣሉ። ለማዳን የፈለገችውን ክፍል በራሷ አፍ ትዘጋዋለች።

ግን የሚያያት የለም። ሳንቃ አለ።

ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረች ዓይኗን ጨፈነች። በመንገዱ ሁሉ ስትደጋግመው የዋለችው ነገር ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ዜማ ነው። መጀመሪያ እንደ ትንፋሽ ወጣ። ቀጥሎ እንደ ክር። ከዚያ ድምፅ ሆነ።

«ጠመኔው ከሰሌዳው አልደርስም አለ፣ ሳጥኑ ጠመኔውን አልሰጥም አለ፣ ባቡሩ ሳጥኑን አልስብም አለ…»

ከሳንቃው ወዲያ ወሬው ቆመ።

«ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ፣ መርከቡ ዘይቱን አላራግፍም አለ፣ ማሽላው መርከቡን አልሞላም አለ…»

«ማን ናት?» አለች አንዷ።

«ዝም በይ» አለች ዝናሽ፤ ዝናሽ እንዲህ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ተነስታ ዓይኗን ከሳንቃው ስንጥቅ ላይ ለጠፈች። የታያት ጨለማ ብቻ ነው። «ሰው የለም። ሰሌዳው ነው የሚዘፍነው።»

«ግመሉ ማሽላውን አልሸከምም አለ፣ ጆንያው ግመሉ ላይ አልወጣም አለ…»

ሴቶቹ ሁሉ እንጉዳይን አዩ። እጆች ወደ መርፌው ሄደው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። እንጉዳይ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። አጸደ ልታቆም ምንም አልቀራት፤ ግን ካቆመች እንደገና መጀመር ይኖርባታል፤ እንደገና ከመጀመር አለማቆም ይሻላታል።

«ይኼ ዘፈን አይደለም» አለች እንጉዳይ በመጨረሻ። «አቤቱታ ነው። ፍቅር የለበት፣ ጭፈራ የለበት። የቸገረው ሰው አቤት ሲል መቀበል ለሐዘንተኛም ነውር የለውም።» ከዚያ ከልዋን ሰብስባ ጆንያው ፊት ተቀመጠችና ከወፍራሙ ድምፅዋ አንዲት ቃል ብቻ አወጣች።

«አለ።»

«መርፌው ጆንያውን አልሰፋም» አለች አጸደ ከሰሌዳው ፊት።

«አለ» አሉ ሴቶቹ፤ መርፌው ገባ።

«ዘፈኑ መርፌውን አላነሳም…»

«አለ» አሉ፤ መርፌው ወጣ። በያንዳንዱ «አለ» መርፌው ያልፋል። ማንም አልተወጋም።

አጸደ ከዚያ ወዲያ ጆንያው እስኪያልቅ በየከሰዓቱ ልጆቹን እየሸኘች ዘፈነች። በከተማው ወሬ ተነሳ። አንዱ «ጣሊያን የተወው ውቃቢ ነው» አለ። ሌላው «ውቃቢ ስለ ዘይት ምን አግብቶት» አለ። ባላምባራስ ደገፉ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡና «ማንም ትሁን፣ ጉሮሮዋን እግዜር ይባርክ» ብለው ሄዱ። ለአጸደ ሲነግሯት ለነጠላዋ «አሜን» አለች።

እናም ነገሩ ተፈታ። ሲፈታ ደግሞ እንደ ተተረተረ ክር ነው፣ አንዱ ሌላውን እየሳበ። ዘፈኑ መርፌውን አነሳ፣ መርፌው ጆንያውን ሰፋ፣ ጆንያው ግመሉ ላይ ወጣ፣ ግመሉ ማሽላውን ተሸከመ፤ ወፎቹ እስከ መጀመሪያው ኮረብታ ተከትለው ሮብሌን ታዝበው ተመለሱ። ማሽላው መርከቡን ሞላ፣ መርከቡ ዘይቱን አራገፈ፣ ዘይቱ ባቡሩን አለሰለሰ፣ ባቡሩ ሳጥኑን ሳበ። ሙሴ ስታቭሮ ጭሱን ከሩቅ ሲያይ ቆቡን ደፋ፣ እንዳለውም አለቀሰ፤ ባቡሩ ግን አልተሰበረም።

ሳጥኑ የደረሰው የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ሲያንዣብብ ነው። ባላምባራስ ራሳቸው በሰው አሸክመው አመጡት። ክምራቸው ወደ ባሕሩ ስለሄደ ጣራ የሚያሻው እህል የቀራቸው ጥቂት ነበር፤ ክፍሉን ረስተውታል፣ ወይም የረሱ መስለዋል። የሐዋ አባትም ሳጥኑ በከተማው መሐል ሲያልፍ አይቶ እስከዚያ በቀጠሮ ያቆያቸውን ሽማግሌዎች «እስኪ ይቺ ልጅ የጀመረችውን ትጨርስ» ብሎ መለሳቸው።

በማግስቱ ጧት አጸደ ሳጥኑን ከፈተች። ሳጥኑ ጠመኔውን ሰጠ። ነጭ፣ ረጅም፣ ያልተሰበረ ጠመኔ ነው።

«እትዬ፣ ያኔ የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም» አለች ሐዋ። «እኛ የነሱን ምን እናርሳለን?»

«ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ስሚ» አለቻት።

ከሳንቃው ወዲያ ሴቶቹ ለሚቀጥለው መርከብ ይሰፋሉ። ዘፈኑን አሁን የምታወርደው ዝናሽ ናት፤ እንጉዳይ ትቀበላለች። ጠመኔው ከሰሌዳው፣ ሳጥኑ ጠመኔውን፣ ባቡሩ ሳጥኑን እያሉ መጡና ድንገት ቆሙ። ዝናሽ ቃሉ ጠፋባት። «ቀጥሎ ማን ነበር? መርከቡ ነው?» «አይደለም፣ ከመርከቡ በፊት አንድ ነገር አለ።» «ምንድን ነው?» እነዚህ ሴቶች ዘይት የሚያውቁት በወጥ ነው፤ ባቡር ዘይት እንደሚጠጣ ማን ያስታውስ? መርፌዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

አጸደ ጠመኔውን እንደያዘች ወደ ሳንቃው አየች። አንድ እርምጃ ሄደች። አፏን ከፈተች። ልጆቹ ሁሉ ያዩዋታል። አፏን ዘጋች።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረች። እያንዳንዱን ፊደል መዳፍ አሳክላ፣ ከዳር እስከ ዳር ጻፈች፤

ዘይቱ ባቡሩን አላለሰልስም አለ።

«አንብቡ» አለች።

ልጆቹ እየተንተባተቡ፣ ፊደሉን በጣታቸው ከአየር ላይ እየለቀሙ አነበቡ።

«ጮክ በሉ። ከዚያ ማዶ ይሰማ።»

ጮኹ። ክፍሉ በሙሉ ጮኸ፤ ሐዋ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ከሳንቃው ወዲያ የእንጉዳይ ወፍራም ድምፅ «አለ» ሲል ተሰማ፤ መርፌውም ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆንያውን ሲበሳ ተሰማ።

አጸደ የሚቀጥለውን መስመር መጻፍ ጀመረች።